የ1961 ሮቨር 100 ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄው ይሄ ነው፦

«የምኖረው በርሚንግሃም ነው። ጎረቤታችን አንድ አዛውንት እንግሊዛዊ ናቸው። የ1961 ሮቨር 100 አላቸው፤ አዲሱን የገዙት አባታቸው ናቸው። ማይሉ 58 ሺህ ይላል። ዕድሜውን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ነው የኖረው። የወንበሩ ቆዳም፣ የዳሽቦርዱ እንጨትም እንዳለ ነው። ጉልበት እያነሳቸው ስለሆነ ለሚወደው ሰው ልስጠው ብለው በጥሩ ዋጋ አቀረቡልኝ። ስለ ድሮ መኪና ምንም አላውቅም። ልግዛው ወይ? ምኑን ልይ? ደግሞስ ይሄ ሮቨር ላንድሮቨርን የሠራው ነው ወይስ ሌላ? ሁለት ልጆች አሉኝ፣ አንዱ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። እሁድ እሁድ ይዣቸው ልወጣ አስቤያለሁ። አንድ ቀን አዲስ አበባ ብወስደውም ደስ ይለኛል።»

ወንድሜ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። ሻንሲው፣ ማለትም ገላውንና ሞተሩን የተሸከመው የብረት አጽም፣ ጤነኛ ከሆነ ግዛው። ሻንሲው ከበሰበሰ ግን ቆዳው ቢያምር፣ እንጨቱ ቢያበራ፣ ሰውዬውም እንደ ልጃቸው ቢያዩህ ተወው። የዚህ መኪና ዋጋ የሚወሰነው ከሥሩ ነው።

ወደ ምርመራው ከመሄዳችን በፊት ስለ ሠሪው ትንሽ ላውራህ። መኪናው የቱ ጋ እንደሚዝግ፣ የቱ ጋ እንደማይዝግ፣ ሞተሩ ለምን እንዲህ ያለ ቅርጽ እንደያዘ ከፋብሪካው ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሮቨር በብስክሌት ነው የጀመረው። በ1870ዎቹ መጨረሻ ጆን ኬምፕ ስታርሊ የሚባል ሰው ከዊልያም ሳተን ጋር ሆኖ ኮቨንትሪ ላይ ሱቅ ከፈተ። የዚያን ጊዜው ብስክሌት የፊት ጎማው ሰው የሚያህል፣ የኋላው ሚጢጢ ነበር። ከላዩ የወደቀ ሰው በጤና አይነሳም። ስታርሊ በ1885 ሁለቱ ጎማዎች ተቀራራቢ የሆኑበት፣ ሰንሰለቱ የኋላውን ጎማ የሚያዞርበት ብስክሌት አወጣ። ዛሬ መንገድ ላይ የምታየው ብስክሌት ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው። ስታርሊ በ1901 ሞተ። ኩባንያው የመጀመሪያውን መኪና ለገበያ ያቀረበው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1904 ነው። ባለ አንድ ሲሊንደር ትንሽ መኪና ነበረች።

በ1920ዎቹ መጨረሻ ድርጅቱ ሊዘጋ ምንም አልቀረውም። ያተረፉት ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ስፔንሰር ዊልክስ በ1929 ከሂልማን የመኪና ፋብሪካ መጥቶ አስተዳደሩን ያዘ። ወንድሙ ሞሪስ ደግሞ ምህንድስናውን ያዘ። ብዙ አንሥራ፣ የሠራነው ግን ይጥራ፣ ነው ነገራቸው። ደንበኞቻቸው ሐኪሞች፣ ጠበቆችና የባንክ ሥራ አስኪያጆች ሆኑ። ገንዘብ አላቸው፣ ገንዘባቸው እንዲታይባቸው ግን አይፈልጉም። የጎረቤትህ አባት ከእነዚህ አንዱ ቢሆኑ አይገርመኝም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መንግሥት ለሮቨር በርሚንግሃም ዙሪያ ሁለት ትልልቅ ፋብሪካዎች አሠርቶ ሰጠው፤ አንዱ አኮክስ ግሪን፣ አንዱ ሶሊሁል። የኮቨንትሪው ፋብሪካ በ1940 በጀርመን ቦምብ ተመታ። በዚያው ሰሞን መንግሥት የመሐንዲሱን የፍራንክ ዊትልን የጄት ሞተር እንዲያመርት ለሮቨር ሰጠው። ዊትልና የሮቨር ሰዎች ግን አልተግባቡም፤ ዓይንና ናጫ ሆኑ። በመጨረሻ ስፔንሰር ዊልክስና የሮልስ ሮይሱ ኧርነስት ሃይቭስ ክሊዘሮ በምትባል ከተማ አብረው ራት በሉና ተስማሙ ይባላል። ሮልስ ሮይስ ጄቱን ይውሰድ፣ ሮቨር የሮልስ ሮይስን የታንክ ሞተር ያምርት። ይህ የሆነው በ1943 መግቢያ ነው። ዓለም የሚያውቀው የሮልስ ሮይስ የጄት ሞተር ታሪክ በዚህ ዓይነት ልውውጥ ነው መልክ የያዘው።

ሮቨር ግን ነገሩን ጨርሶ አልተወውም። በ1950 ጄት 1 የተባለች በጋዝ ተርባይን፣ ማለትም በጄት ሞተር ዘዴ የምትሄድ መኪና አሳየ። በዓለም የመጀመሪያዋ ናት። በ1952 ቤልጅየም ውስጥ በሰዓት ከ150 ማይል በላይ፣ ማለትም ከ240 ኪሎሜትር በላይ ሮጠች። ዛሬ ለንደን በሳይንስ ሙዚየም ትገኛለች። ይህን የማነሳው ለወሬ አይደለም። የጄት 1 መሠረት የአንተው መኪና ቤተሰብ ነው። ያንን ሁሉ ጉድ የተሸከመው የሮቨር ፒ4 ሻንሲ ነው፤ ያንተ 100ም ከፒ4ዎች አንዱ ነው።

አሁን ላንድሮቨር ጋ ደረስን። አዎ፣ ያው ሮቨር ነው። ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዝ ውስጥ ብረት በኮታ ነበር የሚታደለው። ውጭ አገር የሚሸጥ ያገኛል፣ ያልሸጠ አያገኝም። የሮቨር ዘናጭ የቤት መኪና ደግሞ ውጭ ገበያ አልነበረውም። ሞሪስ ዊልክስ ዌልስ ውስጥ፣ አንግልሲ ደሴት ላይ እርሻ ነበረው። እዚያ የሚሠራበት የጦርነት ትራፊ አሜሪካዊ ጂፕ ነበር። እንዲህ ያለውን እኛ ለምን አንሠራም ብሎ ተነሳ። ላንድሮቨር በሚያዝያ 1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርዒት ላይ ወጣች። ብረት ስለሌለ ገላዋ የአሉሚኒየም ቅይጥ ሆነ። ለጊዜው ማስታገሻ ተብላ የተሠራች መኪና ዋናውን ሥራ በሽያጭ በለጠችው። እኛ አገር ሮቨር ሲባል ቶሎ የሚመጣብን እሷው ናት። የገጠር መንገድ ያየ ሰው ሁሉ ያውቃታል። የቤት መኪናውን ግን ብዙ ሰው አያውቀውም።

ፒ4 የፋብሪካው የውስጥ መጠሪያ ነው። በ1949 ሮቨር 75 ተብሎ ለንደን ላይ ሲታይ ደንበኞቹ ደነገጡ። እስከዚያ የሮቨር መኪና ፓራፋንጎው ለብቻው የወጣ፣ መብራቱ የተንጠለጠለ የድሮ ቅርጽ ነበረው። አዲሱ ግን ገላው ሁሉ አንድ ወጥ ሆነ። ሐሳቡን ያገኙት ከአሜሪካኖቹ ስቱድቤከር ነው። ሁለት ስቱድቤከር ገዝተው አመጡ፤ የአንዷን ገላ በሮቨር ሻንሲ ላይ ጭነው ሞከሩት። ሻንሲውን የነደፈው ጎርደን ባሽፎርድ ነው። የመጀመሪያዎቹ ፒ4ዎች ግንባራቸው መሃል ላይ አንድ የጉም መብራት ነበራቸው፤ በዚያ ምክንያት «ባለ አንድ ዓይን» ይባሉ ነበር። በ1952 ቀረ። በኋላ ዴቪድ ባች የሚባል ወጣት ዲዛይነር መጥቶ የኋላ መስታወቱንና የዕቃ መጫኛውን አሰፋው። እስከ 1964 ድረስ ከ130 ሺህ በላይ ተሠራ። እንግሊዞች «አክስቴ» ይሉታል። ቁጥብ፣ ጨዋ፣ ትንሽ ወግ አጥባቂ ነው።

ያንተ 100 በ1959 መጨረሻ የወጣው ነው፤ በ1962 ተተካ። ለእኔ ከፒ4ዎች ሁሉ የተሻለው እሱ ነው። በዚህ ከብዙ ሰው ጋር እከራከራለሁ፤ ሌላውን ፒ4፣ 110ን የሚመርጡ አሉ። ሞተሩ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 2625 ሲሲ፣ 104 የፈረስ ጉልበት ነው። ክራንኩ በሰባት ኩሽኔታ የተያዘ ስለሆነ ድምፁ አይሰማም። ይህ ሞተር የትልቁ ሮቨር የ3 ሊትር ሞተር ነው፤ የፒስተኑን ምት አሳጥረው ነው ያነሱት። ስለዚህ አይጨናነቅም። የፊት ፍሬኑ ዲስክ ነው፣ አጋዥ ሰርቮም አለው። ለ1961 ይህ ትልቅ ነገር ነው። በአራተኛ ማርሽ ላይ የምትገባ ኦቨርድራይቭም አለችው፤ ሀይዌይ ላይ ሞተሩን ታሳርፈዋለች። ከ90 ማይል በላይ ይሄዳል። አትሞክረው።

ቅርብ ሆነህ ካየኸው አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ከዳሽቦርዱ ሥር ያለችውን መሳቢያ ሳብ አድርጋት። የመፍቻ መሳቢያ ናት። እያንዳንዱ መፍቻ በልኩ የተቀረጸለት ቦታ አለው። ፒንሳው ከጎደለ ቦታው ባዶውን ይታያል፤ የቱ ዕቃ እንደጠፋ ሳትጠይቅ ታውቃለህ። እኔ ይህን መሳቢያ ሳላይ ስለ መኪናው አልናገርም። መፍቻዎቹ ሙሉ ከሆኑ ባለቤቱ ነገሩን የሚመልስ ሰው ነው ማለት ነው። ቅባት የነካቸውና ተጠርገው የተመለሱ ከሆኑ ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኛል።

የፋብሪካውን ቀሪ ታሪክ በአጭሩ ልጨርስልህ፤ መጨረሻው አያምርም። በ1958 ፒ5 መጣ። በ1967 የአሜሪካው ቢዊክ ንድፍ የሆነውን የ3.5 ሊትር ቪ8 ሞተር አስገቡበት። ንግሥት ኤልሳቤጥ ነዳችው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሮቹም ተሳፈሩበት። በ1973 ምርቱ ሲቆም መንግሥት የመጨረሻዎቹን ገዝቶ አስቀመጠ። በ1979 ማርጋሬት ታቸር ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆና ዳውኒንግ ስትሪት የደረሰችው በእሱ ነው። በ1963 የወጣው ፒ6 ደግሞ የመጀመሪያውን የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ሽልማት ወሰደ። ከዚያ በኋላ ቁልቁለት ነው። በ1967 ለሌይላንድ ተሸጠ፣ በ1968 ብሪቲሽ ሌይላንድ ውስጥ ተቀላቀለ፣ ቀጥሎ የመንግሥት ሆነ። በ1988 ብሪቲሽ ኤሮስፔስ ገዛው፣ በ1994 ቢኤምደብሊው። በ2000 ለሁለት ተከፈለ። ላንድሮቨር ወደ ፎርድ ሄደ፤ የቤት መኪናው በ10 ፓውንድ ተሸጠ። አሥር ፓውንድ፣ አልተሳሳትኩም። በሚያዝያ 2005 ተዘጋ። ሮቨር የሚለው ስም ራሱ ዛሬ በሕንዱ ታታ ሥር ያለው የጃጓር ላንድሮቨር ንብረት ነው፤ መኪና ላይ ግን አይለጠፍም። ከአንተ ብዙም ሳይርቅ ሶሊሁል ያለው ፋብሪካ ግን እስካሁን ሬንጅ ሮቨር እያመረተ ነው። የጎረቤትህ መኪና እዚያው ነው የተወለደው።

እንግዲህ ወደ ምርመራው። አሮጌ ልብስ ልበስ። የእጅ ባትሪ፣ ማግኔት፣ ትንሽ ወረቀት ያዝ። የምትችል ከሆነ መኪናውን የሚያነሳ መካኒክ ጋ ውሰደው። ካልሆነ ሁለት ጠንካራ መደገፊያ ይኑርህ፤ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር አትግባ። ከአንድ ቶን ተኩል ብዙም የማይርቅ ክብደት ነው።

መጀመሪያ ሻንሲው። ፒ4 ገላው ለብቻው፣ ሻንሲው ለብቻው ነው፤ እንደ ጭነት መኪና። ሻንሲው ወፍራም ስለሆነ ሰው አይዝግም ይላል። ውሸት ነው። ከውስጥ ባዶ ሳጥን ነው፤ ጭቃና የክረምት ጨው ገብቶ ይቀመጥበታል። ከኋላ አክስሉ በላይና በኋላ ያለውን ክፍል አተኩረህ እይ፣ ባሌስትራው የሚታሰርበትንም እንደዚሁ። በመፍቻ እጀታ ኳ ኳ አድርገው። ጤነኛ ብረት ይጮኻል፤ የበሰበሰው ዱብ ይላል። በላዩ ጥቁር ሬንጅ ትኩስ የተቀባ ከሆነ ተጠራጠር፤ ምን ሊደበቅ ተቀባ ብለህ ጠይቅ። ከሻንሲው ወደ ጎን የወጡት ክንዶችና በሮቹ ሥር ያለው መርገጫም ይዝጋሉ። ስኮርታ ጎማው ከዕቃ መጫኛው ሥር ነው የሚቀመጠው፤ አውጣውና ወለሉን እይ።

አሁን ማግኔቱን አውጣ። እዚህ ላይ ብዙ ገዢ ይሳሳታል። በሩ ላይ ማግኔት ስታስጠጋ አይዝም። ኮፈኑም፣ የዕቃ መጫኛው ክዳንም አይዝም። ስቱኮ ተለስኗል ብለህ እንዳትደነግጥ፤ አሉሚኒየም ስለሆኑ ነው። ላንድሮቨርን የወለደው የብረት እጥረት እዚህም ትዝታ ትቷል። ፓራፋንጎዎቹ ግን ብረት ናቸው። እዚያ ማግኔቱ ካልያዘ ከሥሩ ያለው ስቱኮ ነው። የፊተኛውን ፓራፋንጎ ከበሩ አጠገብ የታችኛውን ጫፍ፣ የኋለኛውን ከጎማው በስተኋላ ሞክር። ለበሮቹ ሌላ ነገር እይ። አሉሚኒየሙ የለበሰው በብረት ማዕቀፍ ላይ ነው፤ ሁለቱ እርጥበት ሲያገኛቸው ይበላላሉ። ከበሩ የታችኛው ጠርዝ ላይ ቀለሙ አብጦ ነጭ ዱቄት ከወጣ እሱ ነው። ለመጠገን ይቻላል፤ ርካሽ ግን አይደለም።

ሞተሩ። ስትደርስ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። እጅህን ኮፈኑ ላይ አሳርፈው፤ ከሞቀ «ቀድመው አስነስተውታል» ማለት ነው፤ ሌላ ቀን ተመለስ። ይህ ሞተር ለየት ያለ ነው። ቤንዚንና አየር የሚያስገባው ቫልቭ ከላይ ቴስታታው (የሞተሩ ክዳን) ውስጥ ነው። ጭስ የሚያወጣው ቫልቭ ግን በጎን፣ ሞኖብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) ውስጥ ነው። ለስላሳነቱ ከዚህ ይመጣል። ችግሩም ከዚሁ ይመጣል። የጭስ ቫልቩ ሲቃጠል ቴስታታ አውጥቶ ለሰው መላክ ብቻ አይበቃም፤ ዋናው ሞተር ላይ መሥራት ግድ ነው። ቫልቩን ለመለካት ራሱ እጅ የሚገባበት ቦታ ጠባብ ስለሆነ ሰነፍ መካኒክ ይዘለዋል።

ወረቀቱ ለዚህ ነው። ሞተሩ ሞቆ በዝግታ ሲሠራ ወረቀቷን የጭስ ማውጫው አፍ ላይ ያዛት። እኩል እኩል እየተነፈሰ ወደ ውጭ ቢገፋት ደህና ነው። በየመሃሉ ወደ ውስጥ ሳብ የሚያደርጋት ከሆነ የአንዱ ሲሊንደር ጭስ ቫልቭ ሳይቃጠል አልቀረም። ይህ የድሮ መካኒኮች ዘዴ ነው፤ ዛሬም ይሠራል። ከተጠራጠርክ የኮምፕሬሽን ልኬት አስደርግ።

የራዲያተሩን ውኃ በቀዝቃዛው ከፍተህ እይ። ቡና የመሰለ ከሆነ ጥሩ አይደለም። ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ ዝገት መከላከያ ያለው ፈሳሽ ሁልጊዜ ይፈልጋል፤ በተራ ውኃ የኖረ ከሆነ ውስጡ ተበልቷል።

ጋራዥ ውስጥ የኖረ መኪና ጉዳይ ላይ ላቁም። ሰው «ጋራዥ ውስጥ ነው የኖረው» ሲል ደስ ይለዋል። ዝናብ አለመምታቱ ጥሩ ነው። ግን መኪና ቆሞ ሲኖር ይሞታል። የፍሬን ፒስተኖች ይይዛሉ፣ ሰርቮው ያፈሳል፣ ጎሚኒው ይደርቃል፣ የቤንዚን ጋኑ ውስጡ ይዝጋል። ፍሪሲዮኑ ራሱ ሊጣበቅ ይችላል። ሰውዬው በወር አንዴም ቢሆን ሲነዱት ከኖሩ ከሁሉ የሚሻል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቃቸው «ለመጨረሻ ጊዜ የነዱት መቼ ነው?» የሚለውን ነው። ጎማዎቹ ላይ አራት ዲጂት ያለው ማህተም አለ፤ የተሠሩበትን ሳምንትና ዓመት ይነግርሃል። አሥር ዓመት ካለፋቸው ጥርሳቸው አዲስ ቢመስልም ቀይራቸው።

58 ሺህ ማይሉስ? ሊሆን ይችላል። ግን ቆጣሪው ባለ አምስት ዲጂት ነው፤ መቶ ሺህ ሲሞላ ዜሮ ብሎ ይጀምራል። 158 ሺህም ያው 58 ሺህ ነው የሚያሳየው። የፔዳሎቹን ላስቲክ እይ፤ የሹፌሩን ወንበር ጠርዝ እይ። የአሮጌ ሰርቪስ ደረሰኞች ካሉ ማይሉ ይጻፍባቸዋል። ከ2005 ወዲህ ያለውን የዓመታዊ ምርመራ ታሪክ ደግሞ በታርጋ ቁጥሩ የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ታያለህ።

አንድ አደገኛ ነገር አለ። የዚህ መኪና ኤሌክትሪክ በተቃራኒው ነው። ማሳው ፖዘቲቭ ነው፤ ከገላው ጋር የታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ነው። ባትሪው ሞቶ ከሌላ መኪና ልታስነሳ ስትል፣ ወይም የዘመኑን ሬዲዮ ልትገጥም ስትል ይህን ካላወቅህ የሆነ ነገር ታቃጥላለህ። አንዳንዱ ባለቤት ደግሞ ቀይሮታል። የትኛው እንደሆነ ጠይቀህ ባትሪው አጠገብ ጽፈህ ለጥፈው።

ስለ ነዳጅ፦ እንግሊዝ ውስጥ እርሳስ ያለው ቤንዚን ከ2000 ጀምሮ ለተራው ገበያ አይሸጥም። ለቫልቮቹ ሲባል የሚጨመር ፈሳሽ አለ፤ ርካሽ ነው፣ ተጠቀምበት። ከ2021 መስከረም ጀምሮ ደግሞ ተራው ቤንዚን ኢ10፣ ማለትም እስከ 10 በመቶ አልኮል የተቀላቀለበት ሆኗል። አልኮሉ የድሮውን የላስቲክ የቤንዚን ቱቦ ይበላል። አልኮሉ ያነሰውን፣ ውድ የሆነውን ኢ5 ቅዳ፤ ቱቦዎቹንም በአዲስ አስቀይር። በሊትር 7 ኪሎሜትር ገደማ ይሄዳል። ለእሁድ ብቻ ስለሆነ አይጎዳህም።

የሕጉ ነገር ያስደስትሃል። ከ40 ዓመት በላይ የሆነው መኪና በታሪካዊ መደብ ከተመዘገበ የመንገድ ታክስ አይከፍልም። የለንደን የአየር ብክለት ክፍያም አይመለከተውም። ዓመታዊ ምርመራውም ብዙ ለውጥ እስካልተደረገበት ድረስ ግዴታ አይደለም። እኔ ግን በገዛህ ፈቃድ አስመርምረው እልሃለሁ። ልጆች ልትጭንበት ነው።

ስለ ልጆቹ ደግሞ በቀጥታ ልንገርህ። መኪናው ሲሠራ የኋላ ቀበቶ አልነበረውም። በእንግሊዝ ሕግ ከ3 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ቀበቶ በሌለው መኪና አይሳፈርም። ትንሹ ልጅህ ለጊዜው ቤት ይቀራል፤ ወይም ሻንሲው ላይ በትክክል የታሰረ ቀበቶ በባለሙያ ታስገጥማለህ። ሌላም አለ። የኋላ በሮቹ የሚከፈቱት በተቃራኒው ነው፤ ማጠፊያቸው ከኋላ ነው። ለመግባት ምቹ ነው፣ ለእናት ለአባት ክብር አለው። ግን መኪናው እየሄደ በሩ ክፍት ቢል ነፋሱ ይዞት ይሄዳል። መቆለፊያዎቹ ጥብቅ መሆናቸውን እያንዳንዱን በር ስበህ አረጋግጥ።

ዋጋን በተመለከተ፣ በዚያው በ1959 የወጣው ጃጓር ማርክ 2 ሁሉም የሚመኘው ስለሆነ ብዙ እጥፍ ይጠየቅበታል። ሮቨሩ ግን እስከ ዛሬ ርካሽ ነው። የሚነዳ ንጹሕ ፒ4 ከ10 ሺህ ፓውንድ በታች ይገኛል። የበሰበሰውን አሳድሳለሁ ማለት ግን ኪሳራ ነው፤ የብየዳና የቀለም ሥራው ብቻ ከመኪናው ዋጋ ይበልጣል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ሻንሲውን ያልኩህ። ሞተር ይታደሳል፣ ቆዳም ይሰፋል። መለዋወጫ አታጣም፤ የፒ4 ባለቤቶች የራሳቸው ማኅበር አላቸው፣ ዕቃ ያሠራሉ፣ ምክርም አይነፍጉም። ኢንሹራንሱን በስምምነት ዋጋ አስገባው፤ አለዚያ አደጋ ሲደርስ የአሮጌ መኪና ዋጋ ነው የሚሰጡህ።

አዲስ አበባ የምትለውን እርሳው። ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል። ባይከለከልም መሪው በቀኝ ነው። የሚገርመው ይህ መኪና ሲሠራ አዲስ አበባም በግራ ነበር የሚነዳው፤ ኢትዮጵያ ወደ ቀኝ የዞረችው በ1964 ነው። በጊዜው ቢሄድ ኖሮ ይስማማው ነበር።

ከሰውዬው ጋር ስትቀመጥ ዋጋ ቶሎ አትጀምር። ሻይ ጠጣ፣ የአባታቸውን ወሬ አስወራቸው፣ ፎልደሩን ይዘርጉልህ። የመጀመሪያው የመኪና ደብተር፣ የግዢው ደረሰኝ፣ የሰርቪስ መጽሐፉ ካለ አብሮ እንዲሰጥህ ጠይቅ። እነሱ ሲኖሩ መኪናው ኋላ ሲሸጥም ዋጋ አለው። ከዚያ ፈቃድ ጠይቀህ ሥሩ ግባ። የሻንሲውን የኋላ ክፍል በቀኝም በግራም ከቅርብ ፎቶ አንሳው፣ የባሌስትራውን ማሰሪያና የስኮርታውን ወለልም ጨምር፤ ላክልኝና አይቼ እነግርሃለሁ። እስከዚያ ቀብድ አትስጥ።